ግብር በአንድ ገጽ

ሰኔ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አምቦ

የዘንድሮው የግብር ማሳወቂያ መጣ። አምስት ገጽ ነው። ኃላፊያችን ኦቦ ጀቤሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና "አዴ ብርቅነሽ፣ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉልን፤ ሐምሌ አንድ ሰው መምጣት ይጀምራል" ብሎኝ ሄደ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። በራሴ ደብተር ግን በአሥራ አንድ ዓመት የምበልጠውን ልጅ አንቱ አልልም።

ሁለቴ አነበብኩት። በዚህ የግብር መሥሪያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን ዓመት መረጃ መስኮት ላይ ነኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ገጽ ጠፋብኝ። "ከላይ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በተሰጠው ግምት ላይ ቅሬታ ያለው ግብር ከፋይ ቅሬታውን በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ይችላል" ይላል። የጊዜ ገደቡ መቼ ነው የሚያበቃው? የሚመለከተው አካልስ ማን ነው? እኔ ነኝ እኮ! ለእኔም አልነገሩኝም።

በኦሮምኛም ተጽፏል፣ በአማርኛም ተጽፏል። በሁለቱም እኩል አይገባም፤ በዚህ በኩል እንኳን አድልዎ የለም።

ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ግን በደርግ ጊዜ ስለሆነ ስጽፍ እጄ የሚሄደው በአማርኛ ነው። ልጆቼ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ስለተማሩ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ትዕግሥቱ የላቸውም። ይህም የራሱ ጥቅም አለው።

ይህን አምስት ገጽ በአንድ ገጽ እጽፈዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ሐምሌ 1

ወረፋው እስከ አስፋልቱ። ዝናብ። ምሳ አልበላሁም።

የተጠየቅሁትን ሳልረሳ ልጻፈው። ቅሬታ ማቅረብ ያሳስራል? ቅሬታ ለማቅረብ መጀመሪያ ግማሹን መክፈል አለብኝ? ሱቄን ከጥር ጀምሮ ዘግቻለሁ፣ ግብሩ ለምን መጣብኝ? (ፈቃዱን ስላልመለሰ ነው። ማን ነገረው? ማንም።) አንድ አባት ዝናብ ላይ ቆመው አምስቱንም ገጽ አነበቡና ወደ መስኮቴ መጡ። "ልጄ፣ ረጅም ነው። ማን እንደሞተ ግን አይልም" አሉኝ። ከእድር ማስታወቂያዎች ጎን ስለለጠፍኩት ነው።

ሐምሌ 3

ዛሬ ከጎጆ፣ ከዚያች ብርዳም የደጋ ከተማ፣ አንዲት ሴት መጣች። ሰኪና ትባላለች። ሌሊት ተነስታ፣ በዚያ መንገድ፣ በዚህ ዝናብ ነው የመጣችው፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። እዚያ ያሉት "የገመቱት ከአምቦ የመጡ ናቸው፣ አምቦ ሄደሽ ጠይቂ" ብለዋታል።

ሹራብ፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏት። ዘንድሮ የመጣባት ግብር ከአምናው አምስት እጥፍ ነው። ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። የቀን ሽያጭ 1,400 ብር ይላል።

"አንቺ ነሽ እንዲህ ያልሽው?" አልኳት።

"ብያለሁ። በጾም በሶላት ያለሁ ሰው ነኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? በገበያ ቀን ይሄን ያህል እሸጣለሁ። በአዘቦት ቀን ሱቄ ዝግ ነው። ጎጆ ላይ በአዘቦት ቀን ሹራብ የሚገዛ ማን አለ፣ እህቴ? በጉ እንደሆነ የራሱ አለው።"

አስቃኝ ነበር። "ታዲያ የገበያ ቀን መሆኑን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ሴትየዋ በቀን ስንት ትሸጫለሽ አለች፣ ነገርኳት፣ ጻፈች፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደች።"

"ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?"

"በምን አውቃለሁ፣ በሻሽ ተሸፋፍና ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው። ጎጆ እኮ ነው።" እንዲህ ብላ ዓይኔን አየችኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። የቅጹ ቁጥር 17 ነው፤ ሰባቷ ወገቧ ላይ መስመር አላት። ብዙ ሰው ሰባትን እንዲህ ይጽፋል።

እስከ ሐምሌ ሠላሳ ቅሬታ ማቅረብ እንደምትችል፣ ገንዘብም እንደማይጠየቅበት ነገርኳት፤ እኔም ቅሬታ አጣሪ ኮሚቴውን ጠይቄ ነው ያወቅሁት። "ይሄ የት ተጽፏል?" አለች። ሦስተኛው ገጽ ላይ አልኳት። "ሦስተኛውን ገጽማ አንብቤዋለሁ፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ እኮ" አለችኝ።

ማመልከቻዋን ራሴ ጻፍኩላት። ልትሄድ ስትል "ካልተቀነሰልኝ ሐምሌ ሠላሳ ፈቃዴን መልሼ ወራቤ ወንድሜ ቤት ነው የምገባው" አለች። "ሦስት ልጅ ይዤ የሰው ማድቤት ውስጥ።" ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 4

ባዶ ቅጽ አውጥቼ አየሁ። መዝገብ የማይዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የሚገመቱበት ቅጽ ነው። "የቀን ሽያጭ" የሚል ቦታ አለው። ከዚያ ማሽኑ በዓመቱ የሥራ ቀን ሁሉ ያባዛዋል። "በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል" የሚል ቦታ የለውም። የለውም! ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሸገር ተወልዶ ሸገር ያደገ መሆን አለበት፤ ሱቅ ሁሉ ሰባቱንም ቀን ክፍት ይመስለዋል።

ጥፋቱ የቅጹ ነው። እዚህ ላይ አስምሬበታለሁ።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ከአምልኮ ስንመለስ ባሌ ዲንሳ ሻይ አፈላልኝ። የሰኪናን ነገር ስነግረው ሰማኝና "እናንተ ታኅሣሥ ላይ ጎጆ ሄዳችሁ አልነበር?" አለኝ።

ሄደናል። ለግምቱ ሥራ አጋዥ ሆነን ተልከን ነበር፤ እኔና ሁለት የቢሮ ልጆች፣ ሱቆቹን ተከፋፍለን። እና? ብርድ ነበር። መኪናው አንድ ነበር። ለእኔ ብቻ አርባ ሦስት ሱቅ ነው የደረሰኝ።

"ስንት ቀን እንደሚከፍቱ ጠይቃችኋል?"

"ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አልኩህ እኮ!"

"ከቅጹ ሌላ አፍ የለሽም?" አላለኝም። ባሌ እንዲህ አይልም። ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነው፤ ተማሪው መልሱን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን የአራተኛ ክፍል ተማሪው አይደለሁም። ሻዩን ትቼው ተነሳሁ።

ተነስቼ ገጹን ጻፍኩ። በሁለቱም ቋንቋ። አማርኛው እንዲህ ይላል፦

"ግብርህ በዛብህ? በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ተብሎ የተጻፈውን እየው። ሁልጊዜ ነው የምትከፍተው ወይስ በገበያ ቀን ብቻ? በገበያ ቀን ብቻ ከሆነ መጥተህ ንገረን፤ ግብሩ እንደገና ይሰላል። ቅሬታ ማቅረብ አያሳስርም። ገንዘብ አይጠየቅበትም። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 30 ነው። ሱቅህን ዘግተህ ከሆነ ፈቃድህን መልስ፤ እስክትመልስ ድረስ እኛ ክፍት ይመስለናል። ያልገባህ ነገር ካለ መረጃ መስኮት ላይ ብርቅነሽን ጠይቅ።"

ዲንሳ አነበበውና "ይሄ ይገባል" አለ። አኩርፌ ስለነበር አልመለስኩለትም፤ በሆዴ ግን ደስ አለኝ።

ሐምሌ 9

ገጹን ለጀቤሳ አሳየሁት።

"ይህ የመንግሥት ቋንቋ አይደለም፣ አዴ ብርቅነሽ።"

"የማን ቋንቋ ነው?"

"የገበያ።"

"የሚከፍለውስ ገበያው አይደል እንዴ?"

መነጽሩን አወለቀ። "ማሎ፣ እባክዎ! ሰው ሁሉ ቅሬታ ይዞ ከመጣ የሐምሌ እቅዳችን ምን ይሆናል? እርስዎ ራስዎ ያስቡት። ማህተም አላደርግበትም።"

"ግድ የለም፣ እርስዎ ካላደረጉበት ስሜ አለበት።"

እርስ በርሳችን "እርስዎ" እየተባባልን ነው የምንጣላው። በር ላይ የሚሰማን ሰው የምንመራረቅ ይመስለዋል።

ያለ ማህተም ለጠፍኩት። ከእድሩ ማስታወቂያ ራቅ አድርጌ።

ሐምሌ 10

ተቀደደ። ለጠፍኩ።

ሐምሌ 11

ተቀደደ። ሁለት ለጠፍኩ። የቢሮው ሙጫ "አልቋል" ተባለ። ማታ በዱቄት ሙጫ አበስላለሁ፤ የእኔ ሙጫ ከተያዘ ግድግዳው ይላቀቃል እንጂ ወረቀቱ አይላቀቅም።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ፎቶ ኮፒ በራሴ ብር፣ ሁለት መቶ ቅጠል። የቢሮው ሾፌር ባይሳ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ይዞልኝ ሄደ። ዛሬ ቤት ድረስ መጥቶ ወሬ አመጣልኝ። ጌዶ ሻይ ቤቱ ሁሉ ላይ ለጥፎታል። ባኮ ያሉ የበቆሎ ነጋዴዎች በስልክ ፎቶ አንስተው ይላላኩታል አለ። አንዱ "ይሄን የጻፈው ሰው ሰክሮ ነው? መንግሥት እንዲህ አይናገርም" ብሎታል። ይህን ምስጋና አልረሳውም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ጫማውን እያደረገ "የጎጆዎቹ ናቸው ያሳዘኑኝ" አለ። "ያን ዕለት ክላክስ ሳደርግ የነበርኩት እኔ ነኝ አይደል? ኮቱ፣ ነይ፣ ይመሻል፣ መንገዱ ይበላሻል እያልኩ።"

"አንተ ምን አጠፋህ?" አልኩት።

"እኔማ ምንም" አለና ጫማውን አሰረ።

ሐምሌ 15

የሰኪና ቅሬታ ከአጣሪ ኮሚቴው ተመልሶ መጣ። አልጣሉትም፣ አልተቀበሉትምም። ጥጉ ላይ "ግምቱን የሰጠው ባለሙያ የጽሑፍ ማብራሪያ ይያያዝ" ተብሎበታል። ገጹን አይተው ከጎጆ የጻፉ ሌሎች ስምንት ሰዎችም አሉ። በሁሉም ላይ ያው ነው የተጻፈው።

ከሰዓት ሰኪና ደወለች። ነገርኳት።

"ባለሙያው ማነው፣ እህቴ? ስሙን ብቻ ስጪኝ፤ ያለበት ድረስ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

"እያፈላለግን ነው" አልኳት።

እያፈላለግን! ከዚህ አፍ ነው የወጣው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መስኮቱ ላይ ሰው እያንኳኳ አልሰማሁም።

ሐምሌ 16

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። "ከተቋሙ አሠራር ውጭ ባልተፈቀደ አግባብ መረጃ በማሰራጨትዎ ሳቢያ በሥራ ሂደቱ ላይ ያሳደሩት አሉታዊ ተጽዕኖ…" እያለ አራት መስመር ይሄዳል፤ የት ሊደርስ እንዳሰበ ራሱም ረስቶት ቆሟል። ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። የማያስፈልገውን ሁሉ ሰርዤ ከሥሩ "ለማለት የፈለጉት፦ ሳልፈቅድልዎት ወረቀት ለጥፈዋልና ተናድጃለሁ" ብዬ ጽፌ መለስኩለት። የጽሕፈት ክፍሉ ሴቶች እየተቀባበሉ አነበቡት፤ ሳቃቸው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር።

እነሱ ሲስቁ እኔ ማህተም ፍለጋ መሳቢያዬን ሳብኩ። ዘጠኙ ማመልከቻ እዚያ ነው። መልሼ ገፋሁት።

ሐምሌ 18

ጀቤሳ ጠራኝና በሩን ዘጋ። የጎጆ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"አርባ ሦስት ቅጽ" አለ። "ሁሉንም የሞላው አንድ እጅ ነው። ፊርማውንም አየሁት።"

ፋይሉን ከደነው።

"እኔ ይህን ፋይል አላየሁም። እርስዎም ያንን ወረቀት አልጻፉም። ከሰሌዳው ያንሱት፣ ባይሳ የበተነውንም ያሰባስቡ። የጎጆዎቹ ይከፍላሉ፣ የከረመ ነገር ነው፣ ይረሳል። ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አዴ።" ሻይ አስመጣልኝ። ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ።

አስብበታለሁ አልኩት። ያንን ሁሉ ወረቀት በዱቄት የለጠፍኩ ሴትዮ፣ አይሆንም ማለት አቅቶኝ አስብበታለሁ አልኩ። ሻዩንም ጠጣሁት።

ሐምሌ 20፣ ማታ

ለራሴም አልጽፈውም ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የሄድንበት ቀን የጎጆ የገበያ ቀን ነበር። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ በሁሉም በኩል ነው የሚመጣው። ጣቶቼ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷቸው ነበር። በየሱቁ ደጃፍ ቆሜ "በቀን ስንት?" እላለሁ፣ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ወንበር ሲሰጡኝ እቀመጥ ነበር። ከአሥረኛው ሱቅ በኋላ መቀመጥ ተውኩ። ከሃያኛው በኋላ ሰላምታም ተውኩ። ባይሳ ክላክሱን ይነፋል። ጎጆ ላይ ማደር አልፈለግሁም፤ አልጋው ቀዝቃዛ ነው፣ ቤቴ አልጋዬ ይሞቃል። እንዲህ ነው የሆነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አሥራ ሰባተኛዋ ሰኪና ነበረች። አንድ ሺህ አራት መቶ ካለች በኋላ "ግን" ብላ ነበር። ትዝ ይለኛል፤ ጠርቶ ነው የሚሰማኝ። "ግን" አለች፣ እኔ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሸገር ያደገ ነው አልኩ። እኔስ የት ነው ያደግሁት? እናቴ ጊንጪ ላይ ጨው ትሸጥ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን። ስድስቱን ቀን የምንበላው ያች ቀን ባመጣችው ነበር። ያች ቀን ዝናብ ከሆነ ሳምንቱ ዝናብ ነበር። በጎጆ የአንድን ቀን ሽያጭ በዓመቱ ቀን ሁሉ ማባዛት ስህተት መሆኑን ከዚያ ከሦስታችን ገማቾች የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ሁለቱ ልጆች የአዳማ ልጆች ናቸው፤ ባያውቁ አይፈረድባቸውም። የእኔ ግን አለማወቅ አይደለም። በርዶኝ ነው።

አፍሬያለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ይህ ግን ደብተር ነው። ለኮሚቴው የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በወግ በወጉ ይጻፋል።

ሐምሌ 22

ችግኝ ተከላ። ዛሬ አገሩ ሁሉ ጉድጓድ ላይ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን በጭቃ ውስጥ ተሰለፍን። ጀቤሳ አጠገቤ ቆመ።

"አሰቡበት?"

"አሰብኩበት። ወረቀቱ አይነሳም። ማብራሪያውንም እጽፋለሁ።"

"በራስዎ ላይ ነው የሚጽፉት። የደመወዝ ቅጣት አለው። መስኮቱንም ሊያጡ ይችላሉ።"

"ችግኙን ጠለቅ አድርገህ ትከለው፣ ሥሩ ወጥቷል" አልኩት።

አንተ አልኩት። ከመላው መሥሪያ ቤት ፊት። ወደ ታች ሲያይ እውነትም ሥሩ ወጥቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ አስተካከለው።

ሐምሌ 24

ማብራሪያውን ጻፍኩት። "በታኅሣሥ ወር በተካሄደው የመረጃ አሰባሰብ ሂደት በተስተዋለ ክፍተት ምክንያት የግብር ከፋዮቹ የሥራ ቀናት በአግባቡ ከግምት ውስጥ ሳይገቡ ቀርተዋል።" አንድም ውሸት የለበትም። በአርባ ሦስት ቅጂ አሳተምኩት። ነገ ጎጆ ገበያ ነው፤ ቅሬታ ያላቀረቡትንም እዚያው አስፈርሜ እመለሳለሁ።

ዲንሳ አነበበው። "ጥሩ አማርኛ ነው" አለ። ስለ ገጹ "ይሄ ይገባል" ነበር ያለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጠዋት ቶሎ መነሳት አለብኝ።

ሐምሌ 25፣ ጎጆ ደርሼ መጥቼ

በሕዝብ አውቶቡስ ነው የሄድኩት። ባይሳ "መኪናውን ሰርቄ ላድርስሽ?" ብሎኝ ነበር፤ አንተ ልጆች አሉህ አልኩት። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል።

ጉሙ አልተነሳም ነበር። ሰኪና ሱቋን ከፍታ ሹራቦቿን ሰቅላለች። እሷ ናት ሰዉን የጠራችልኝ፤ የገብስ፣ የድንች፣ የጨው፣ የቆርቆሮ ዕቃ ሻጮች፣ ወደ ሠላሳ ሰው ይሆናሉ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ "እዚህ ላይ ቁሚ፣ እህቴ፣ ይዩሽ" አለችኝ። ቆምኩና ማብራሪያውን አነበብኩ፤ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። መንግሥት ሲናገር እንደሚነቀነቀው ነው የነቀነቁት። አንብቤ ስጨርስ ላስፈርም እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ሰኪና እጇን አወጣች፤ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እህቴ። ይሄ 'ክፍተት' የሚባለው ሰውዬ የት ነው የሚሠራው?"

አንዳንዱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

"የእውነቴን ነው" አለች። "ይሄን ሁሉ ያደረገው እሱ ነው አልሽ አይደል? የት እንደሚገኝ ንገሪኝና ሄጄ ላናግረው።"

ሳቁ ቆመ። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። የጀቤሳን ደብዳቤ በቀይ የሰረዝኩ ሴትዮ፣ ሰሌዳ ላይ "ያልገባህ ነገር ካለ ብርቅነሽን ጠይቅ" ብዬ የለጠፍኩ ሴትዮ፣ ሳጥን ላይ ወጥቼ የጀቤሳን ቋንቋ እያነበብኩ ነው። ከሳጥኑ ወረድኩ፤ ያንን ከላይ ሆኖ መናገር አይቻልም።

"ክፍተት የሚባል ሰው የለም" አልኩ። "ታኅሣሥ ላይ በየሱቃችሁ የመጣሁት እኔ ነኝ። ስንት ቀን እንደምትከፍቱ አልጠየቅኋችሁም። ማወቅስ አውቅ ነበር፤ እናቴም የገበያ ቀን ሻጭ ነበረች። በርዶኝ ቸኮልኩ። የአንድ ቀኑን በዓመቱ ሙሉ ያስከፈልኳችሁ እኔ ነኝ።"

አንድ ሰውዬ የድንች ኬሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ሰኪና ቀረብ ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ያን ቀን መስኮቱ ላይ እንዳየችኝ።

"ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ነበር" አለች።

"አዎ።"

"ስሙን ስጪኝ ስልሽ እያፈላለግን ነው አልሽኝ።"

"አዎ።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"እሱ ይቆይ። አሁን ጠይቂኛ!"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ባዶ ቅጽ አወጣሁ፤ ሹራቦቿ ላይ አስደግፌ ያዝኩት።

"በሳምንት ስንት ቀን ትከፍቺያለሽ?"

"አንድ።"

አንድ ብዬ ጻፍኩ። ቦታ ስለሌለው ከጎን፣ በትልቁ። ያንን አርባ ሦስት ቅጂ ገልብጬ በየጀርባው በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ስንት ቀን እንደሚከፍቱ አልጠየቅኋቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብርቅነሽ ኢፋ።" ስጨርስ ከሰኪና ኋላ ወረፋ ተይዟል። የድንቹ ሰውዬም ተመልሶ መጨረሻው ላይ ቆሟል፤ ሰላምታ ግን አልሰጠኝም።

ሐምሌ 29

ደክሞኛል። የኮሚቴው ጸሐፊ ማብራሪያውን አንብቦ "ይሄ ብቻ ነው?" አለኝ። ይሄ ብቻ ነው አልኩት።

ሐምሌ 30

ሠላሳ ዘጠኝ ቅሬታ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ታዩ፤ ሁሉም በሳምንት በአንድ ቀን ተሰልተው ተቀነሱ። ሰኪና ፈቃዷን አትመልስም። ደወልኩላት። "ሰማሁ" አለች፤ ከጀርባዋ የልጆች ድምፅ ይሰማል። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ማለትም የለባትም። የቀሩት እየታዩ ነው።

አራት ሰው አላገኘሁም። ከሐምሌ በፊት ሱቃቸውን ዘግተው ሄደዋል፤ ጎረቤቶቻቸው የት እንደገቡ አያውቁም። የእነሱን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከሰዓት ጀቤሳ ውሳኔውን ሰጠኝ። የአንድ ወር ደመወዝ። ከነገ ጀምሮም ከመረጃ መስኮት ተነስቼ መዝገብ ቤት። ደብዳቤው ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ምንም የምሰርዘው አላገኘሁባትም፣ ይህንንም ነገርኩት። ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። "እዚያ የሚመጣብዎት ሰው የለም፣ አዴ ብርቅነሽ። ያርፋሉ" አለኝ።

መዝገብ ቤቱ ከግቢው ኋላ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል። የጌዶ፣ የባኮ፣ የጊንጪ፣ የየገበያው ከተማ የግምት ቅጽ፣ የስንት ዓመቱ፣ በካርቶን እየታሰረ የሚጣለው እዚያ ነው። በእያንዳንዱ ላይ የነጋዴው ስምና አድራሻ፣ የቀን ሽያጩና የገማቹ ፊርማ አለ። ስንት ቀን እንደሚከፍት ግን የለም። ያን ሁሉ ካርቶን ከፍቶ ያየ ሰው የለም፤ ጀቤሳም ይህን ያሰበው አይመስለኝም።

ቁልፉን ፈርሜ ተቀበልኩ።